ያልተለካ ፍላሽ

ጥር ሲገባ መንዝ ውስጥ ዳስ የማይጣልበት ቀበሌ የለም። እህሉ ጎተራ ገብቷል፤ ዐቢይ ጾም ሳይደርስ ልጁን ለመዳር የሚጣደፈው ብዙ ነው። ለመሐል ሜዳ ከተማ ፎቶ አንሺ ደግሞ ይህ ወር አዝመራው ነው። ሌላውን ጊዜ በጉርድ ፎቶና በፎቶ ኮፒ ያዘግማል፤ የቤት ኪራዩንና የልጆቹን ደብተር የሚሸፍነው ግን የጥርና የሚያዝያ ሠርግ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ጥር አጋማሽ ላይ አንድ የከተማዋ ፎቶ አንሺ ወደ ጓሳ አቅጣጫ ለሠርግ ሥራ ወጣ። ትከሻው ላይ የተንጠለጠለው ካሜራ ያገለገለ ዲጂታል ነው፤ ዕዳው ገና አላለቀም። ቦርሳው ውስጥ የአጎቱ ፍላሽ አለ። አጎትዬው በፊልም ዘመን ከተማው ሁሉ የሚያውቃቸው ፎቶ አንሺ ነበሩ። ሲያርፉ የተረፈው የሙያ ዕቃ አንድ ካርቶን ነው፤ ውስጡ ሁለት ፍላሽ፣ አንድ የፊልም ካሜራና ጥቂት የደረቁ ድንጋዮች ነበሩበት።

የመንዝ ቤት ለብርድ እንጂ ለፎቶ አልተሠራም። ግድግዳው ወፍራም የድንጋይ ካብ ነው፤ በሩ ጠባብ፣ ውስጡ በጭስ የጠቆረ። ደጁ ላይ ፀሐይ ዓይን እያጠፋ እንኳ ውስጥ ገብቶ የሰው ፊት ለመለየት ጥቂት መቆም ያስፈልጋል። የሙሽሪት አያት መደቡ ላይ ጋቢያቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። ሙሽሪት ስትወጣ ጉልበታቸውን ስማ ልትመረቅ ነው። ቤተሰቡ ከሁሉም በላይ የፈለገው ይህን ፎቶ ነበር፤ ቀብድ ሲከፍሉም ያሉት ይህንኑ ነው።

ፎቶ አንሺው ፍላሹን ካሜራው ላይ ሰካ። በር ላይ ሚዜዎቹን ሲያነሳ አንዴ በራ፣ ሁለተኛም በራ። ወደ ውስጥ ገብቶ ሙሽሪት ስትንበረከክ ሲጫን ግን ጸጥ አለ። የፍላሹ ቀይ መብራት "ዝግጁ ነኝ" ይላል፣ ካሜራውም ቀጭ ይላል፤ ብርሃን ግን የለም። ድንጋይ ቀየረ፣ እግሩን በሸሚዙ ወለወለ፣ ነቅሎ ሰካ። ምርቃቱ ግን እሱን አልጠበቀም። በመጨረሻ ያለ ፍላሽ ያነሳው ምስል ውስጥ አያቲቱ አንድ የተንቀሳቀሰ ጥላ ብቻ ሆነው ቀሩ።

ለፋሲካ ሳይደርሱ አረፉ። ቤተሰቡ ለአርባቸው የሚሆን ፎቶ ፍለጋ ወደ ፎቶ ቤቱ መጣ። ከቀበሌ መታወቂያቸው ጉርድ ፎቶ በስተቀር ሌላ አልነበራቸውም። ፎቶ አንሺው ቀብዱን መለሰ። ከዚያ በላይ የሚመልሰው ነገር አልነበረውም።

ካሜራው አዲስ አበባ ወርዶ ታየ። ምላሹ አጭር ነበር፦ ፍላሽ የሚያስነሳው ክፍል ተቃጥሏል። ማሠሪያው ደግሞ ሌላ ያገለገለ ካሜራ ለመግዛት ምንም አይቀረው።

ሰውየው ለምን አዲስ ፍላሽ አልገዛም? መልሱ እዚህ ቻናል ላይ ብዙ ጊዜ ከሚነሳው ጉዳይ የራቀ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ለነጋዴው ይህ የትርፍና የኪሳራ ሒሳብ ነው። ለመሐል ሜዳው ፎቶ አንሺ ግን ለከርሞ ያሰበው አዲስ ፍላሽ ቀረ ማለት ነው። ያኔ የአጎቱ ካርቶን ከቆጥ ወረደ።

እንዲህ ያለው ካርቶን በብዙ ቤት ወርዷል። በዓለም ከተማም፣ በራቤልም፣ በሞላሌም ፎቶ ቤት ያለው ሰው ወይ ከቀደመ ሰው የወረሰውን፣ ወይ ከመርካቶ ያገለገለ የገዛውን፣ ወይ ውጭ አገር ያለ ዘመድ "ለምን ይጣላል" ብሎ የላከውን ይሠራበታል። ነገሩ ነውር የለበትም፤ ያለው የሚሠራው ባለው ነው። ችግሩ ሌላ ነው፦ ዕቃው ይመጣል፣ ዕውቀቱ አብሮት አይመጣም።

አጎትዬው ቢኖሩ ኖሮ ምን ይሉት ነበር? ምናልባት ምንም አይሉትም ነበር፤ በእሳቸው ካሜራ ላይ ፍላሹ አንድም ቀን ጉዳት አላደረሰም። ልጁ ደግሞ ሙያውን በዲጂታል የጀመረው በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ክልሉ ውስጥ ኢንተርኔት ከተቋረጠ በኋላ በነበሩት ወራት ነው። ሌላው አገር ያለ ወጣት በአንድ ምሽት ከዩቲዩብ የሚያገኘውን ትምህርት እሱ ያገኘው በአንድ ካሜራ ዋጋ ነው።

ምክንያቱን የነገሩት ገበያው ዳር ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት ናቸው።

"ጋሼ፣ ይቺን ነገር እስቲ ይዩልኝ" አላቸው።

"ምንድን ናት?"

"ፍላሽ ናት፤ የአጎቴ። ካሜራዬን የበላችው እሷ ሳትሆን አትቀርም።"

አዛውንቱ አራት ድንጋይ አስገብተው አበሯት። ሲጢጢ የምትለው ድምፅ እስክታልቅና ቀይዋ መብራት እስክትበራ ጠበቁ። ከዚያ የቴስተራቸውን ቀይ ሽቦ ከፍላሹ እግር መሐል ባለችው ነጥብ ላይ፣ ጥቁሩን በእግሩ ጠርዝ ላይ ባለው ብረት ላይ አሳረፉ። ቴስተሩ 231 አለ። አዛውንቱ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ልጁን አዩት።

"ይሄማ የግድግዳ ሶኬት ነው እኮ ልጄ! ካሜራህን ሶኬት ላይ ነው የሰካኸው።"

አራት ድንጋይ ቢደመር 6 ቮልት ነው። 231 ከየት መጣ? ፍላሽ የሚበራው ውስጡ ባለች የመስታወት ቱቦ ነው፤ ቱቦዋ ዜኖን የሚባል ጋዝ ይዛለች። ይህ ጋዝ በድንጋይ አቅም አይበራም። ስለዚህ ፍላሹ የድንጋዩን ትንሽ ቮልት ወደ 300 አካባቢ ከፍ አድርጎ ካፓሲተር በሚባል ዕቃ ውስጥ ያጠራቅመዋል። ያቺ ሲጢጢ የምትለው ድምፅ የዚህ ሥራ ድምፅ ናት። ካሜራው "አሁን!" ሲል ደግሞ አንዲት ትንሽ ጥቅል ሽቦ ለቅጽበት በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ታመነጭና ጋዙን ትቀሰቅሰዋለች፤ የተጠራቀመው ኃይል በቱቦው ውስጥ ይፈስና ብልጭ ይላል።

ዋናው ጥያቄ ካሜራው "አሁን!" የሚለው በምንድን ነው የሚለው ነው። በፊልም ካሜራ ውስጥ ሁለት ቀጫጭን ብረቶች ይነካካሉ፤ ልክ እንደ መብራት ማብሪያ ማጥፊያ። 200 ቮልት ቢያልፍባቸው ብረት ናቸውና ብዙም አይጎዱም። ስለዚህ የጥንቱ ፍላሽ ሠሪ ከፍተኛውን ቮልት በቀጥታ እስከ እግሩ ነጥብ ድረስ ቢያመጣው የሚቃወመው አልነበረም። ዲጂታል ካሜራ ግን ይህን ሥራ የሚሠራው በኤሌክትሮኒክስ ነው። ብረቱን የተካው ለጥቂት ቮልት የተሠራ ክፍል ነው፤ በአናቱ 231 ሲወርድበት ይበሳል። አንዳንዱ በመጀመሪያው ብልጭታ ያልቃል፣ አንዳንዱ በመቶኛው። "እኔ ስንት ሠርግ ሠራሁበት፣ ምንም አልሆነ" የሚል ባለሙያ የተናገረው እስከ ትናንት ድረስ ስለነበረው ብቻ ነው።

ወሰኑ ስንት ነው? ዓለም አቀፉ የካሜራና የፍላሽ መስፈርት፣ አይኤስኦ 10330፣ ዕቃዎቹ እስከ 24 ቮልት እንዲችሉ ያዛል። ጥንቁቆቹ ባለሙያዎች ግን 6 ቮልትን ይመርጣሉ፤ ከመጀመሪያዎቹ ዲጂታል ካሜራዎች መካከል ከዚያ በላይ እንዳይሰጣቸው የተነገረላቸው አሉና። ኒኮን በበርካታ ካሜራዎቹ መመሪያ ላይ ከ250 ቮልት በላይ የሆነ ወይም ኔጋቲቭ የሆነ ቮልቴጅ በፍላሽ መቀመጫው ላይ እንዳይገባ ያስጠነቅቃል። ካነን ደግሞ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለው ፍላሽ ካሜራው ላይ እንዳይደረግ በመመሪያዎቹ ይጽፋል። ያገለገለ ካሜራ ሲገዛ መመሪያው አብሮ አይመጣም፤ ስለዚህ ወሰኑን የማያውቅ ሰው ዝቅተኛውን ቢይዝ ይሻለዋል።

በተግባር ሲታይ ከ6 በታች የሚለካ ፍላሽ የትኛውም ካሜራ ላይ ቢወጣ አያሰጋም። ከ6 እስከ 24 ያለው የካሜራው መመሪያ ከፈቀደ ይወጣል። ከ24 በላይ የሆነው የካሜራው መመሪያ በግልጽ እችላለሁ ካላለ አይወጣም። ቴስተሩ ከቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ካሳየና ቀዩ ሽቦ በትክክል መሐሉ ላይ ከሆነ ፍላሹ የተገለበጠ ነው፤ ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ካሜራ ላይ አይቀመጥም።

አለካኩ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም፤ ይሁን እንጂ ደንብ አለው። ቴስተሩ ዲጂታል ቢሆን ይመረጣል። መጀመሪያ በዲሲ ከፍተኛው መለኪያ፣ 600 ወይም 1000 ላይ ይደረጋል፤ ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ቀስ በቀስ ይወረዳል። ድንጋዩ አዲስ ወይም የሞላ መሆን አለበት፣ ቀይ መብራቷም መብራት አለባት፤ ግማሽ የሞላ ፍላሽ ውሸታም ቁጥር ይሰጣል። የመሐሉን ነጥብና የጠርዙን ብረት በአንድ ጊዜ በጣት መንካት አይገባም። ጥቁሩ ሽቦ ጫፉ ተንሸራቶ ነጥቧን ከነካ ፍላሹ ይበራል፤ ያን ጊዜ ፊትን ከመስታወቱ ማራቅ ነው።

ሌላው ደንብ ከሁሉ ይከብዳል፦ አይከፈት። ድንጋዩ ቢወጣም፣ ማብሪያው ቢጠፋም ካፓሲተሩ ኃይሉን ይዞ ይቆያል። ሬዲዮ ጠጋኙ አዛውንት ይህን ሲናገሩ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ አውራ ጣታቸው ሥር አሮጌ ጠባሳ አለ። "ሬዲዮ ይቅር ይላል፤ ይሄ ይቅር አይልም" አሉት። እንኳን ፎቶ አንሺ፣ ጠጋኝም ቢሆን ካፓሲተር እንዴት እንደሚራገፍ ካላወቀ እጁን ይሰብስብ።

ከውጭ በሚመጣ ዕቃ ላይ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። አንዳንድ የድሮ ፍላሾች ከግድግዳ ሶኬት የሚሠሩበት አዳፕተር አላቸው። አሜሪካ ያለ ዘመድ ከላከው አዳፕተሩ የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ እዚህ ሶኬቱ 220 ነው። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ መሰካት ፍላሹንም ቤቱንም እሳት ላይ መጣል ነው።

እዚህ ላይ "ታዲያ የድሮውን ሁሉ መጣል ነው" የሚል ይኖራል። ለእሱ መልሱ ያው ካርቶን ውስጥ ነበር። አዛውንቱ ሁለተኛውን ፍላሽ ለኩ፤ ከ6 ቮልት በታች ሆነ። ሁለቱም ጥቁር ናቸው፣ ሁለቱም አርጅተዋል፣ ሁለቱም አንድ እጅ ነው ያያቸው። አንዱ ካሜራ ይገድላል፣ አንዱ ያገለግላል። በመልክ የሚለይ ነገር የላቸውም።

በስምም አይለይም። ቪቪታር 283 የሚባለውን ፍላሽ ብዙ ፎቶ አንሺ ያውቀዋል፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ እ.ኤ.አ. ለብዙ ዓመታት በተለያዩ አገሮች ተመርቷል። ጃፓን ውስጥ ከተሠሩት ከቀደምቶቹ መካከል ከ200 ቮልት በላይ የተለካባቸው አሉ፤ ኋላ ከተሠሩት መካከል ደግሞ ከ10 በታች የወረደባቸው። ስሙ አንድ፣ መልኩም አንድ ነው። ስለዚህ "የእገሌ ፍላሽ ይሠራል፣ የእኔም ያው ነው" ማለት አያዋጣም። የሚለካው ያ ሰው የያዘው ሳይሆን እጅ ላይ ያለው ነው።

ከፍተኛ ቮልት ያለውም ቢሆን ሞቱ አልተፈረደበትም። ከካሜራው ጋር በሽቦም በብረትም ሳይገናኝ ሊሠራ ይችላል። ብርሃን ሲያይ ፍላሹን የሚያስነሳ ትንሽ "ዓይን" አለ፤ የካሜራው የራሱ ትንሽ ፍላሽ ብልጭ ሲል ዓይኑ አይቶ ትልቁን ያስነሳል። ካሜራው ከ231 ቮልት ጋር አይተዋወቅም። ግን የካሜራው ፍላሽ ማኑዋል ላይ መደረግ አለበት፤ አለበለዚያ ካሜራው ከዋናው በፊት የሚለቃት የመለኪያ ብልጭታ ዓይኑን ታታልለውና ትልቁ ፍላሽ ቀድሞ ያልቃል። በሁለቱ መካከል ገብቶ ቮልቱን የሚያወርድ መቀመጫም ይሸጣል፤ ዌን ሴፍ ሲንክ የሚባለው ለዚሁ የተሠራ ነው። በራዲዮ ትሪገር የሚሠራ ሰው ግን ትሪገሩም ወሰን እንዳለው አይርሳ፤ ካሜራው ሲድን ተቀባዩ ይቃጠላል።

ለዓመታት ቆጥ ላይ የከረመ ፍላሽም በአንድ ቀን ወደ ሠርግ ቤት አይወሰድም። የድንጋይ ቤቱ ዝጎ አሲድ ካፈሰሰ ይጸዳል። ከዚያ በርቶ ሞልቶ ለጥቂት ደቂቃ ይቀመጣል፣ በዝግታ ጥቂት ጊዜ ይነሳል፣ እንደገና ይሞላል፤ ተኝቶ የከረመ ካፓሲተር የሚነቃው በዝግታ ነው። የጋለ፣ ያበጠ ወይም የሸተተ ከሆነ እዚያው ይቁም። በጓሳ ብርድ ደግሞ ድንጋይ ቶሎ ይደክማል፤ መለዋወጫውን ጋቢ ሥር፣ ሰውነት አጠገብ የያዘ ፎቶ አንሺ ብልህ ነው።

የድሮ ፍላሽ ከካሜራው ጋር አይነጋገርም፤ ማስላቱ የሰውየው ሥራ ነው። ካሜራው ማኑዋል ላይ ይደረጋል፣ የሹተር ፍጥነቱ ከ1/200 አይበልጥም፤ ከበለጠ የፎቶው ግማሽ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። የመንዝ ቤት ጣራ ጥቁር ነውና ብርሃን አይመልስም። አንድ ሚዜ ነጭ ነጠላ ዘርግቶ ከያዘና ፍላሹ ወደዚያ ከዞረ ግን ፊት ላይ የሚያርፈው ብርሃን ልስልስ ይላል።

እስካሁን የተጻፈው ሁሉ የአንድ ግማሽ ቀን ትምህርት ነው። እንዴት ነው ታዲያ አንድ ሰው ይህን ለማወቅ ካሜራና የአያት ምርቃት የሚከፍለው?

የፎቶ ሙያ እዚህ አገር ሲገባ መሣሪያና ዕውቀት አብረው ነበሩ። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆኑ፤ ልጆቻቸው ሐይጋዝና ቶኒ ሙያውን ተቀብለው ቀጠሉ። ካሜራው ከአባት ወደ ልጅ ሲያልፍ ምን እንደሚወድና ምን እንደሚጠላም አብሮ ያልፋል። የመሐል ሜዳው ሰው የወረሰው ግን ካርቶኑን ብቻ ነው። በአጎቱና በእሱ መካከል ቴክኖሎጂው ተቀይሯል፤ ያ ለውጥ ያመጣውን አደጋ የሚነግረው ሰው መሐል ላይ አልነበረም።

ይህ የፍላሽ ነገር ብቻ አይደለም። ከውጭ የመጣ 110 ቮልት መፍጫ 220 ላይ ተሰክቶ የተቃጠለበት ቤት ጥቂት አይደለም። ያገለገለ ጄኔሬተር፣ ያገለገለ የውኃ ፓምፕ፣ ያገለገለ የሶላር ባትሪ ሁሉም በአንድ መንገድ ነው የሚመጡት። ዶላር በተወደደ ቁጥር አገሪቱ ወደ አሮጌ ዕቃ ታዘነብላለች፤ ሌላ አማራጭም የላትም። አሮጌ ዕቃ ደግሞ ከአዲሱ የበለጠ ዕውቀት ይጠይቃል፤ ዋስትናውም መመሪያውም የተጠቃሚው ጭንቅላት ነውና። ስለ ምንዛሪ ሲወራ ስለ ዋጋ ብቻ ይወራል። ከዋጋው ጀርባ ያለው ይህ ዕዳ ግን በየገጠሩ ከተማ፣ ስም በሌላቸው ትናንሽ ሱቆች ይከፈላል።

መድኃኒቱ ትልቅ በጀት አይፈልግም። በብዙ ወረዳ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አለ፤ ቴስተርም አስተማሪም እዚያ አሉ። ከሠርግ ወር በፊት ለፎቶ አንሺዎች፣ ከመስኖ በፊት ፓምፕ ለሚያንቀሳቅሱ ገበሬዎች ግማሽ ቀን በሩን ቢከፍት የሚጠፋበት ነገር የለም። ያ እስኪሆን ደግሞ በየገበያው ዳር ሬዲዮ የሚጠግን አንድ ሽማግሌ አይጠፋም። ጠይቆ ለመማር የሚያስፈልገው አንድ "ጋሼ" ማለት ብቻ ነው።

ፎቶ አንሺው ከአንድ ጓደኛው ጋር በጋራ ሌላ ካሜራ ገዝቶ ለሚያዝያ ሠርግ ደረሰ። ዛሬ ሁለቱም ፍላሾች ቦርሳው ውስጥ አሉ። አንደኛው ጀርባ ላይ በነጭ ፕላስተር "5 ቮልት" ተብሎ ተጽፏል። ሌላው ላይ "231 — ካሜራ ላይ አይወጣም" ይላል፤ እሱን ጥግ አቁሞ በዓይኗ ያስነሳዋል። ካሜራ ይዞ ለሚመጣ ጎረምሳ ሁሉ ፕላስተሩን ያሳያል።

ከሰኔ ወዲህ ሌላም ልማድ አለው። ሠርግ ቤት ሲደርስ ሙሽራና ሙሽሪት እስኪለብሱ አይጠብቅም። መጀመሪያ መደቡ ላይ ወደተቀመጡት ሽማግሌና አሮጊት ይሄዳል። "እማማ፣ ቀና ይበሉልኝ" ይላል። ብልጭ ይላል። ምስሉን በካሜራው መስኮት አይቶ፣ ፊታቸው በደንብ መውጣቱን አረጋግጦ ነው ወደ ሙሽራው የሚዞረው።